«ደሃና» የተባለው ሳህን

በሰቆጣ መናኸሪያ አጠገብ ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ አምሳለ የምትባል ወጥ ሠሪ አለች። እግዚአብሔር ዕድሜዋን ያርዝመውና፣ በፍልሰታ ጾም ቅዳሴ አስቀድሼ አርፍጄ ስመጣ ጦሜን ያሳደረችኝ ቀን የለም። ምሳ ማውጣት ሳትጀምር ከሽሮውም ከምስሩም ለአንድ ሰው የሚበቃ ቀንሳ፣ ከድና ታስቀምጣለችና። በአገሯ በደሃና፣ ባደገችበት ቤት፣ ገና ላልደረሰው መንገደኛ ድርሻውን ሳያነሡ ወደ ማዕድ መቅረብ ነውር ነው።

አስተናጋጆቹ ያን የተከደነ ሳህን «ደሃና» ይሉታል። ድስቱ ካለቀ በኋላ ሰው ሲገባ «አንድ ደሃና!» ብለው ወደ ማዕድ ቤት ይጣራሉ። ቃሉ ዛሬ በሌሎቹም ምግብ ቤቶች ይሰማል፤ አመጣጡ ግን ያከራክራል። ከፊሉ ሰው ለአምሳለ አገር ክብር የወጣ ነው ይላል። ከፊሉም፣ የደሃና ሰው በእግሩ ሲመጣ ሁልጊዜ ምሳ ካለቀ በኋላ ይደርሳል ለማለት የተፈጠረ ሽሙጥ ነው ይላል።

አምና በፍልሰታ፣ እኔ በዚያ ቀን ድስቱ ሳያልቅ ደርሼ በልቼ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አቶ ኪዳኑ የሚባሉ የደሃና ሽማግሌ አህያቸውን ደጅ አስረው ገቡ። ቀኑን ሙሉ ሲጓዙ ውለው እህል አልቀመሱም። አስተናጋጁ ምትኩ እንደ ልማዱ ተጣራ። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ፣ በአገሬ ስም እየተሳቀብኝ አልበላም ብለው በትራቸውን አነሡ።

አምሳለ እጇን እየጠረገች ወጣች። የአገሯ ሰው ከደጇ ጦሙን ቢመለስ፣ በምን ፊቷ ወደ ወላጆቿ ቀዬ ትገባለች? በአገራቸው ቋንቋ በኽምጥኛ ሰላምታ ካቀረበችላቸው በኋላ በአማርኛ እንዲህ አለች፦

«አባቴ፣ አልዋሽዎትም። ስሙን ያወጣው ምትኩ ነው፣ ያውም ሲያሾፍብኝ። ሳህኑን የከደንኩት ግን እኔ ነኝ፤ ለእርስዎ ነው የከደንኩት።»

«መምጣቴን በምን ዐወቅሽ?»

«እናቴስ በምን ታውቅ ነበር?»

ሽማግሌው በትራቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ወደ ምትኩ ዞረው የወዴት ልጅ እንደሆነ ጠየቁት። እዚሁ ሰቆጣ መወለዱን ነገራቸው።

«ታዲያ አንተማ ምን ያስረፍድሃል? ከአልጋህ እስከ ድስቱ ምን መንገድ አለ!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ምትኩም አብሮ ሳቀ። የእጅ ውሃ አምጥቶ ጎንበስ ብሎ አስታጠባቸው። ሽማግሌው ጸሎት አድርሰው በሉ። አምሳለን «የሚበላ አይጉደልብሽ፣ የሚበላ ሰውም አይጥፋብሽ» ብለው ሲመርቋት እኔም ከልቤ አሜን አልሁ፤ የብዙ ቀን ምስጋናዬን አፍ ሆነውኝ የተናገሩልኝ ያህል ነበርና።

አህያቸውን ፈትተው ሲያበቁ ምትኩን ጠሩት።

«ከኋላዬ ሌላ መንገደኛ አለ» አሉት። «ሲደርስ ጮኽ ብለህ ተጣራለት።»