የማር ጨረቃ

ለአሥራ ሰባት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬአለሁ። ተማሪዎቼ የት እንደደረሱ ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል፤ እኔ የደረስኩት ሸዋ ቤንች፣ ከንብ ቀፎዎቼ ሥር ነው።

በልጄ ሠርግ መልስ ዕለት፣ አማቼ ከሰው ተነጥሎ በሞባይል ሲያወራ ሰማሁት። «ሃኒሙኑ እዚሁ አባባ ጓሮ ነው፤ ሰኞ እንገባለን። ለማንም እንዳትናገር!»

ቃሉን እንደ አስተማሪ ለሁለት ሰነጠቅሁት። ሃኒ ማር፣ ሙን ጨረቃ። እኛ ዘንድ ማር የሚቆረጠው በድቅድቅ ጨለማ ነው። በጨረቃ የሚቆርጥ፣ የራሱ ላልሆነ ማር የቸኮለ ሰው ብቻ ነው። ያን ሰሞን ደግሞ ጨረቃዋ ልትሞላ ጥቂት ቀርቷት ነበር።

ዛፍ የምወጣበትን ሐረግ ደበቅሁ፤ ውሻዬን ቀፎዎቹ ከተሰቀሉበት ግንድ አሰርኩት። ሰኞ ሙሽሮቹ ከሚዛን ተፈሪ መጡ። ሻንጣቸውን በዓይኔ ለካሁት፤ ብዙ ማር ይይዛል።

«አባባ፣ ውሻው እዚያ ምን ይሠራል?» አለኝ አማቼ።

«ጨረቃ ይጠብቃል።»

ባለቤቴ ጓዳ አስገብታ ነገሩን አውጣጣችኝና ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አንተ ሰውዬ፣ ጫጉላ ማለት እኮ ነው! ይሄን ነው ለሰው ልጅ ስታስተምር የኖርከው?»

«ታዲያ ለማንም አትናገር ማለት ምን አመጣው?»

«ሚዜዎቹ ተከትለው እንዳይመጡበት ነዋ!»

አፈርኩ። ሐረጉን መለስኩ፣ ውሻውንም ፈታሁት። ግን የተጠራጣሪ ሰው እፍረት አያድርም፤ ሽፋኑ የተገነጠለውን መዝገበ ቃላቴን ገለጥኩ። የአዲስ ተጋቢዎች ፍቅር ሲጀምር እንደ ማር ይጣፍጣል፤ እንደ ጨረቃም ነው፣ ከሞላ ማግስት መጉደል ይጀምራል፤ ቃሉ የመጣው ከዚያ ነው ይላል። ማሬን እርግፍ አድርጌ ረሳሁት። ለካ ይሄ ሰው ልጄን የሚወዳት ለአንድ ወር ነው! ያውም በስልክ እያወጀ!

ምሳ ላይ አፋጠጥኩት። «ስማኝማ ልጄ፣ ጨረቃዋ ስትጎድልስ?»

እጁ ከትሪው ላይ ቀረ። «የቷ ጨረቃ፣ አባባ?»

«የፍቅራችሁ!»

ልጄ መሳቅ ጀምራ ተወችው። ፊቷን ወደ እሱ መልሳ መልሱን ጠበቀች።

«እኔ እንጃ» አለ ቀስ ብሎ። «ያን ጊዜ ምን እንደጎደለ እሷን እጠይቃታለሁ።»

«ጎሽ!» አለች ባለቤቴ። «አባትህ ከጎደሉ ሠላሳ ዓመታቸው፤ ጠይቀውኝ አያውቁም።»

መልሱ ደህና ነበር። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ጨረቃ መጉደል በጀመረች ቁጥር አንድ ጣሳ ማር እልክላቸዋለሁ። ባለፈው ልጄ ደወለች።

«አባባ፣ ኧረ በቃን! ቤቱን ጉንዳን ወረረው።»

«ባልሽስ?»

«ይኸው ጉንዳን ይጠርጋል።»

«እየሳቀ ነው?»

«እየሳቀ ነው።»

በነጋታው ሁለት ጣሳ ላክሁ።