የልጄ ጥርስና ውኃ የሚረጨው ማሽን

ልጄ ስትስቅ አፏን በመዳፏ መሸፈን የጀመረችው ሰባተኛ ክፍል ስትገባ ነው። መሐል ሜዳ ከተማ ከሁለት የመንደራችን ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ ነበር የምትማር። ዓርብ ስትመጣ እጇ አፏ ላይ፣ እሑድ ስትመለስ እጇ አፏ ላይ። እናቷ ጠይቃ ጠይቃ አወጣጣቻት። ክፍል ውስጥ አንዱ «አፍሽን ዝጊ፣ ጅብ ትጠሪያለሽ» ብሏታል።

ልጁ ባለጌ ነው፤ ግን አልዋሸም። የላይኛው የክራንቻ ጥርሷ አንዱ ጭራሽ አልወጣም፤ ሌላው ከድዷ ከፍ ብሎ እንደ በግ ቀንድ ተጣሞ ነው የበቀለ። ቆሎ ስትበላ መሃሉ ይሰነቀራል። ድዷ ያብጣል፣ ይደማል፣ ይሸታል። እኔም ሸቶኝ ፊቴን ያዞርሁበት ቀን አለ። አይታኛለች።

ሁለት ጠቦት ሸጬ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ወሰድኋት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። የልጄን አፍ በመብራት አይታ አይታ ወደ እኔ ዞረች።

«አባት፣ ሕፃን ሆና ግግ አስወጥታችሁላት ነበር?»

አገራችንን ለማያውቅ ልንገረው። ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው፣ ድዱ ነጣ ብሎ አበጥ ካለ «ግግ ይዞታል» ይባላል። አዋቂ የምትባል ሴት ትመጣና ድዱን በስለት ፈልፍላ ነጩን ነገር ታወጣዋለች። ትል ነው ይሉታል። ትል አይደለም፤ ገና ያልበቀለ ጥርስ ነው።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኋት ሐኪሟን። «የሕፃን ነገር እናቷ ናት የምታውቅ።»

ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማለች።

ልጄ ሕፃን ሆና የታመመች ጊዜ እናቷ «በቅሎ ለምነን ጤና ጣቢያ እናድርሳት» ብላ እግሬ ላይ ወድቃ ነበር። «እኔም ወጥቶልኛል፣ ሞትሁ?» ብዬ ገፈተርኋት። ሴትዮዋን ሄጄ ያመጣሁ እኔ ነኝ። የልጄን ጭንቅላት በጉልበቶቼ መሃል ይዤ፣ አገጯን ወደ ታች ስቤ አፏን የከፈትሁ እኔ ነኝ። ደሟ ሱሪዬ ላይ ፈሷል። በሦስተኛው ቀን ተቅማጡ ሲቆምላት «አላልሁሽም?» ብዬ በእናቷ ላይ ፎክሬአለሁ።

ከዓመታት በኋላ በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ቆጥሬ፣ ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነበብሁ። ግግ ማስወጣት ከጎጂ ልማዶች ተርታ ተጽፏል። በትክክል ያነበብሁ ስላልመሰለኝ ደገምሁት። ማንበብ ቻልሁ ብዬ ለአገሩ ሁሉ ያወራሁ ሰውዬ፣ ያነበብሁትን ዋጥሁት።

ሐኪሟ ነገሩን አልቆፈረችውም። ጥርሷን አጸዳችላት። ጠማማውን ማቃናት ከተፈለገ አዲስ አበባ ነው፣ እስከዚያው መፍትሔው ንጽሕና ነው አለች።

«ብሩሽ ጠዋትና ማታ። በጥርስ መሃል የሚገባውን ክር አሳይቻታለሁ። ክሩ ጠማማው ጋ አልገባ ብሎ ካስቸገራት፣ ውኃ በኃይል እየረጨ የሚያጥብ ማሽን አለ። ግን ግዴታ አይደለም አባቴ። ብሩሹ ይበልጣል።»

ግዴታ ነው ብትለኝ በወደድሁ። በሬህን ሽጥ ብትለኝ በሸጥሁ።

ማሽኑን ከሆስፒታሉ በታች ካለ ሱቅ አገኘነው። ሆዱ ውኃ ይይዛል፤ ጫፉ እንደ ወስፌ ሾሏል። ባለሱቁ ውኃ ሞልቶ ሲጫነው ጢር ብሎ ደረቴን አራሰኝ። ልጄ በእጇ ተሸፍና ሳቀች።

«ጋሼ፣ ለራስዎ ነው?»

«ለሷ ነው። ለልጅ አይከብድም?»

«ዝቅ አድርጋ ትጀምራለች። መጀመሪያ ትንሽ ሊያደማት ይችላል፤ ትለምደዋለች።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ቻርጅ ይይዛል። እናንተ ጋ መብራት አለ?»

«አንዳንድ ቀን ይጎበኘናል» አለችው ልጄ።

እጄን ኪሴ ከተትሁ። ቀና ስል ልጄ «አባዬ ኑርልኝ» ልትለኝ ነው፤ ከፊቷ ላይ አነበብሁት። ጥፋቴን በእናቷ አላክኬ ምርቃት ልቀበል! እጄን ባዶውን አወጣሁ።

«እናስብበት» ብዬ ወጣሁ። ፊቷ ጠቆረ።

አውቶቡስ ላይ «ግግ ያስወጣችኝ እማዬ ናት?» አለችኝ። መስኮቱን ተደግፌ የተኛሁ መሰልሁ።

ቤት ስንደርስ እናቷ ማኘክ እንዳያማት ብላ በሶ በማር በጥብጣ ጠብቃታለች። ልጄ ዋንጫውን አልቀበልም አለች።

«አንቺ ነሽ አፌን ያበላሸሽው! ግግ ያስወጣሽብኝ አንቺ ነሽ!»

እናቷ እኔን አየችኝ። አንድ ቃል ብትተነፍስ አልቆልኝ ነበር።

«አለማወቅ ነው ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አለች። ዋንጫውን መደቡ ላይ አስቀምጣ በጎቹን ልታስገባ ወጣች።

ተከተልኋት። በረቱ በር ላይ ደረስሁባት።

«ማሽን አለ፣ እገዛላታለሁ» አልኋት። 

«ግዛላት።»

«ያጥብላታል።»

«ያጥብላት። ግን የምትገዛው ለሷ ጥርስ ማጠቢያ ነው ወይስ ለአንተ አፍ?»

«አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?» ብዬ እሷው ላይ ጮህሁ። እንዲህ ነኝ፤ ባጠፋሁ ቁጥር የምጮኸው በሷ ላይ ነው።

«እኔ ብነግራት ምን ዋጋ አለው? ያደረገ ይንገራት» አለችኝና በጎቹን እየነዳች አለፈችኝ።

ገባሁ። ብቀመጥ እንደማልጨርሰው አውቄ ለልጄ ቆሜ ነገርኋት። ሴትዮዋን እንዳመጣሁ፣ እናቷን እንደገፈተርሁ፣ ጭንቅላቷን እንደያዝሁ፣ ለሐኪሟ እንደዋሸሁ። «አላውቅም ነበር» የሚል ምላሴ ላይ መጣ። ዋጥሁት። ሕፃን ሆና እውነት አላውቅም ነበር፤ ሐኪሟ ፊት ግን አውቅ ነበር።

«እማዬ አልቅሳ ነበር?» አለችኝ።

«አልቅሳ ነበር።»

«እኔስ?»

«አንቺማ…» ብዬ ቀረሁ።

ጠማማውን ጥርሷን በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ልጅ ናትና «እና ማሽኑን አትገዛልኝም ማለት ነው?» አለችኝ።

«እገዛልሻለሁ።»

«ግዛልኝ» አለችና ዋንጫውን አንስታ ወደ በረቱ ሮጠች። የሁለቱን ልቅሶ ከውስጥ ሆኜ ሰማሁ። ልውጣ አልውጣ ስል ቀረሁ።

በሳምንቱ ደብረ ብርሃን ሄጄ ገዛሁት፤ መሐል ሜዳ የተከራየችበት ቤት ድረስ ወሰድሁላት። ልጄ ከእኔ እጅ ዕቃ ስትቀበል ትነጥቅ ነበር። ደብተርም ይሁን ከረሜላ፣ «አምጣው!» ብላ ኪሴ ውስጥ ነበር የምትገባ። ያን ቀን ከተቀመጠችበት ተነሣች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ለባዕድ እንደሚደረገው።

«እግዜር ይስጥልኝ። አረፍ በል፣ ውኃ ላምጣልህ?»

ምንም ነውር የለበትም፤ ማንም ቢያያት ጥሩ ያሳደግኋት ይመስለዋል። እኔ ግን አልተቀመጥሁም። መንገዱ ሳይመሽብኝ ብዬ ወጣሁ። ገና ቀትር ነበር።