የልቤ ፎቶና የእናቴ ወርቅ

ከአሶሳ በወጣሁበት ማታ እናቴ ከወንዝ ያጠበችውን ወርቅ በቆዳ ክታብ ሰፍታ አንገቴ ላይ አሰረችልኝ። «ልብህ ላይ ይዋል፤ እንዳታወልቀው» አለችኝ። አባቴ ከሞተ በኋላ ካገባችው ባሏ የወለደችው ታናሽ ወንድሜ ሐሚድ በባጃጁ እስከ መናኸሪያ ሸኘኝ። እኔና እሱ ከልጅነታችን ጀምሮ ላብ የሚባል ነገር አናውቅም፤ ሙቀት ሲበረታ እጅና እግራችን እሳት እንደነካው ይንገበገባል። ሰፈሩ «እናንተማ ታድላችሁ፣ ሸሚዝ አታቆሽሹ!» እያለ ይቀልድብን ነበር።

በኩርሙክ ወደ ሱዳን ገባሁ፤ ከዚያ ሊቢያ፣ ከዚያ ባሕሩ። እሱን አላህ ያውቀዋል፣ ተዉኝ። ጀርመን ስደርስ የሀገሬ ልጆች ብርዱን ሲረግሙ እኔን ተስማማኝ፤ የመዳፌ መንገብገብ ቀነሰ። የሰዉ ብርድ ግን ሌላ ነው። ጎረቤቴን ደጅ ላይ አግኝቼ ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ ብጠይቀው ደንግጦ ለአከራዬ ከሰሰኝ።

«ምን ፈልገህ ነው?» አለችኝ አከራዬ።

«ደህና ማደሩን።»

«እሱ የግል ጉዳዩ ነው» አለችኝ፣ ወላሂ! ማንጎ እንኳ ገዝቼ ባሸተው ምንም አይሸትም። እኛ አገር መንገድ ላይ ወድቆ የምንረግጠው ይሻላል።

ዘንድሮ ደረቴን ሲያፍነኝ ሆስፒታል ሄድኩ። ደሜን መርምረው የዘር በሽታ ነው አሉኝ፤ ሰውነቴ መፍጨት ያልቻለው ስብ ከልጅነቴ ጀምሮ ውስጤ ይጠራቀማል፤ ላብ ያጣሁትም፣ መዳፌ የሚንገበገበውም በእሱ ነው። አልትራሳውንዱ ልቤን ደህና ብሎት ነበር። ሐኪሟ ግን አላመነችም፤ «ኤምአርአይ ቀድሞ ያያል» ብላ ላከችኝ።

የማሽኑ ባለሙያ መጠየቅ ጀመረ። «ሰውነትህ ውስጥ ጥይት ወይም ፍንጣሪ አለ?»

«ኧረ እኔ ከአሶሳ ነው የመጣሁት፣ ከጦር ሜዳ አይደለም።»

«አንገትህ ላይ ያለውስ?»

«እናቴ ናት» አልኩት ሳላስበው።

እናቴንም አስወለቀኝ። ማሽኑ ውስጥ አስተኝቶ «አይንአትመን፣ አውስአትመን» እያለ በጆሮዬ ያስተነፍሰኝ ጀመር፤ ሳብ፣ ልቀቅ ማለቱ ነው። ትስቁብኝ ይሆናል እንጂ ለእኔ ብሎ ይህን ያህል የተናገረ ሰው ካገኘሁ ወራት ሆኖኝ ነበር። ሲያልቅ ከፋኝ።

ሐኪሟ ፎቶውን አሳየችኝ። ስቡ የልቤ ሥጋ ውስጥ ገብቷል፤ ጠባሳ ግን ገና አልጣለም። «በጊዜ ደርሰሃል፣ መድኃኒት አለው። ወንድ ልጅ ይህን በሽታ የሚወርሰው ከእናቱ ብቻ ነው። የእናትህ ልጅ የሆነ ወንድም አለህ?» አለችኝ። ሐሚድ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ወዲያው ደወልኩ። «እማ፣ ልቤን አሞኛል።»

«ያ ረቢ! ክታቡን አውልቀህ ነው!»

«አይደለም፣ በዘር የሚመጣ ነው።»

«ከማን?»

«ካንቺ» ማለት አቃተኝ። «ከአባቴ ወገን» አልኳት።

ረጅም ትንፋሽ ስታወጣ ሰማኋት። «እኔን ልጄ፣ አላህ ይማርህ። አልሐምዱሊላህ ግን፣ የሐሚድ አባት ሌላ ነው። እሱስ ተረፈልኝ።»

ዝም ብል ሐሚድ ልቡ ሳይታይለት ሊቀር ነው።

«እማ፣ ዋሸሁሽ። ካንቺ ነው። ሐሚድም ላይ አለ መሰለኝ፤ አዲስ አበባ ሄዶ ይመርመር።»

ከጀርባዋ የሐሚድ ባጃጅ ድምፅ ተሰማኝ።

«ሐሚድ!» ብላ ተጣራች። «ሞተሩን አጥፋና ና፣ ወንድምህ ይፈልግሃል!» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አንተንስ ልጄ፣ እዚያ ማን ያስታምምሃል?» አለችኝ።

ክታቡን በመዳፌ ጨበጥኩት።

«ሰው አለ፣ እማ» አልኳት።