የአዴ ፋጡማ ድስት እና የግሪኩ ቃል

ከጭሮ እስከ ቦርደዴ በፋኖስ ቢፈለግ እንደኔ ንጹሕ ኅሊና ያለው ሰው አይገኝም። ይህንኑ ለባለቤቴ እየነገርኳት፣ ከጀርባው «ኅሊና» ተብሎ የተጻፈበት ባጃጅ ጭቃ ረጭቶኝ አለፈ። እሷ ሳቀች። እኔን ግን የድሮው ድንጋጤ ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

ያኔ ጢሜ ልብቀል አልብቀል የሚል ጎረምሳ ነበርኩ። ጊዜው ሁዳዴ ነው፤ አቧራውና ሙቀቱ ጉሮሮ ያንቃል። ለትንሣኤ ከበሮ እንድመታ ተመርጬ ስለነበር ደረቴ በበር አልገባ ብሎኛል። በሰንበት ትምህርት ቤት ከአዲስ አበባ የመጣ ዲያቆን ያስተምረናል።

«ኅሊና በጥንቱ ግሪክኛ ሲኔይዴሲስ ይባላል፤ አብሮ ማወቅ ማለት ነው። ማንም አላየኝም ብለህ ያደረግኸውን አብሮህ የሚያውቅ አለ» አለና ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ።

ክው አልኩ። አብሮኝ የሚያውቀው ጓደኛዬ ጀማል ብቻ ነበር። እናቱ አዴ ፋጡማ በጾም እነሱ ቤት ስሄድ ሥጋና ቅቤ ያልነካው ድስት ለይተው ምስር በዘይት ይሠሩልኛል። በዚያ ሰሞን ግን እሳቸው ወጣ ሲሉ ከጀማል ሳህን እንቁላል ቀመስኩ። ቀመስኩ ስል፣ ሳህኑን መታጠብ አላስፈለገውም።

ጀማል ምስጢሬን አወጣብኝ ብዬ ወደ ጫት ተራ በረርኩ። ከእናቱ ጋር ጫት በኮባ ይጠቀልላል።

«አንተ ወሬኛ! እንቁላል መብላቴን ለዲያቆኑ ነገርክ አይደል?»

«ወላሂ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም! ለገበያው ሁሉ የነገርከው አንተ ነህ!»

የጫቱ እስር ከአዴ ፋጡማ እጅ ወደቀ።

«እኔ ቤት? በሁዳዴ?» አሉ። «እናትህ እኮ እኔን አምና ነው የምትልክህ! አሁን በምን ዓይኔ ልያት?»

ሻሻቸውን አጥብቀው በቀጥታ ወደኛ ቤት ሄዱ። ከኋላ ከኋላቸው ተከትዬ ደረስኩ። እኔ ለበላሁት እሳቸው በር ላይ ቆመው እናቴን ይቅርታ ሲለምኑ ሳይ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እናቴ አቅፋቸው አለቀሰች፤ ወደኔ ቀና ብላ አላየችም። ከበሮውንም ሌላ ልጅ መታው። ዲያቆኑ ለካ ያፈጠጠብኝ ሳንቀላፋ አይቶ ኖሯል።

አዴ ፋጡማ አሁን በሕይወት የሉም። ያ የግሪክ ቃል በተነሳ ቁጥር በራችን ላይ የቆሙት እሳቸው ይታዩኛል። የጀማል ሚስትም ለኔ ድስት ትለያለች።

ዘንድሮም በሁዳዴ፣ እሷ ዞር ስትል፣ ከጀማል ሳህን እንቁላል በልቻለሁ።