እማማ አንጓች የመዘኑት ልጅ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ባሕር ዳር ወለደች። አልትራሳውንዱ ሦስት ኪሎ ይሆናል ያለው ሕፃን ሚዛን ላይ ሲወጣ ሦስት ኪሎ ተኩል ሆኖ ተገኘ። እኔ ክው አልኩ። ወጣቷ ሐኪም ግን ሳቅ ብላ፣ «አባባ፣ ግምት እኮ ነው፤ ይሳሳታል» አለችኝ። እንዲህ በቀላሉ! ይቺን ቃል እኔ በሃያ ሦስት ዓመቴ ከአፌ ማውጣት አቅቶኝ ነበር።

በደርግ ጊዜ ወረታ ላይ ጤና ረዳት ነበርኩ። ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ ሜትር አንገቴ ላይ ጥዬ፣ ልቤ አብጦ። አልትራሳውንድን በስሙም አናውቀው፤ የእርጉዝ ሆድ በሜትር ይለካል፣ የልጁ ክብደት ከዚያ ይገመታል። ፎገራ ደግሞ ክረምት ሲገባ ውሃ ነው። ምጥ የሚያሰጋት ሴት ከሐምሌ በፊት ወጥታ ወረታ ዘመድ ቤት ትሰነብታለች። ትሰንብት፣ ትመለስ የምለው እኔ ነበርኩ።

የሻረግ የምትባል ሴት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ከቁሐር ሚካኤል የመጣችው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው፤ ከባሏና ከአዋላጇ ከእማማ አንጓች ጋር። እሳቸው የአገሩን ልጅ ሁሉ ቅቤ በተቀባ እጃቸው የተቀበሉ ናቸው። የሻረግ በወንድ ፊት መቀነቷን መፍታት አፈረች። እኔም አፈርኩና የሜትሩን ጫፍ ከታች መጀመር ሲገባኝ ከመቀነቷ ላይ ጀምሬ አሳጥሬ ለካሁ። በእጄም አልዳሰስኳት።

«ትንሽ ልጅ ነው፤ ሁለት ኪሎ ተኩል ቢሆን ነው። ቤትሽ ገብተሽ ውለጂ» አልኳት።

እማማ አንጓች ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ እኔ ዳስሼዋለሁ። ትልቅ ነው፤ ዳሌዋ ደግሞ ጠባብ ነው። እዚሁ ትሰንብት» አሉ።

«እማማ፣ እጅዎ ሚዛን ሆነ እንዴ?» ብዬ ሳቅሁባቸው። ባልየው አብሮኝ ሳቀ፤ እርሻውም ስለጠበቀው ይዟት ተመለሰ።

ሐምሌ ላይ በቃሬዛ አመጧት። ሦስት ቀን አምጣ፣ ስምንት ሰው ጉልበት በሚደርስ ውሃ እየተፈራረቀ ተሸክሟት። የሻረግ ተረፈች፤ ልጁ ግን ሞቶ ተወለደ። ሚዛን ላይ አወጣሁት። አራት ኪሎ ከሁለት መቶ።

ውጭ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ «ጥፋቱ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እማማ አንጓች ሕፃኑን በነጠላቸው ጠቅልለው ቆመው ነበር።

«ልጄ፣ ክብደቱን ንገራቸው» አሉኝ።

እኔ ምን አልኩ? «አሮጊቷ ነካክተው ነው ያበላሹት፤ በጊዜ ቢያመጧት ይተርፍ ነበር!» አፈር ልብላ! ሊቀ መንበሩ እዚያው ቆሞ ከዛሬ ጀምሮ እንዳያዋልዱ ከለከላቸው። እሳቸው ሕፃኑን ታቅፈው ወደ መጡበት ውሃ ወረዱ። ከዓመት በኋላ ሐሙሲት ገበያ ተገናኘን። ጎንበስ ብለው ጤንነቴን ጠየቁኝ። እኔ ቸኩያለሁ ብዬ አለፍኳቸው። ዛሬ በሕይወት የሉም።

ያን ዕለት ባሕር ዳር ልጄ ስልኳን አቀበለችኝ፤ ዘመድ አዝማዱ ወሬውን ይጠብቃል። «አባዬ፣ ክብደቱን ንገራቸው» አለችኝ።

«አራት ኪሎ ከሁለት መቶ» አልኩ።

«ኧረ አባዬ፣ ሦስት ተኩል ነው!» አለች። አረጀ ብለው ሁሉም ሳቁብኝ። እኔ ግን አልተሳሳትኩም፤ ዘግይቼ ነው እንጂ።