ድንጋዩ ላይ የተቀመጠው ሹራብ

የልጅ ልጄ ሶስና ስልኳን ይዛ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ከተቀመጠች ቤቱ ቢፈርስ አትሰማም። ጌም ነው የምትለው። ባለፈው ክረምት ዝናቡ ሁለታችንንም ቤት ቢያውለን ጠጋ ብዬ አየሁላት። አንድ ጎራዴ የያዘ ጎረምሳ ገደል ይዘላል፣ እሳት ያልፋል፣ ከጭራቅ ጋር ይፋለማል። ላይ፣ ግንብ ጫፍ ላይ ደግሞ ረጅም ቀሚስ የለበሰች ቆንጆ ልጅ መስኮት ላይ ቆማለች። እጇን ታወዛውዛለች፤ ሌላ ሥራ የላትም።

«እሷስ ምን ትሠራለች?» አልኳት።

«እሷማ ትጠብቃለች አያቴ። ሊያድናት እኮ ነው የሚሄደው።»

«አንቺ እሷን ሆነሽ መጫወት አትችዪም?»

«አይቻልም። እሷን የሚያንቀሳቅስ ቁልፍ የለውም።»

«በሩ ተቆልፎባት ነው?»

ሶስና ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ከስልኩ አነሳች። «እኔ እንጃ። ሞክራው አታውቅም» አለችኝ።

ሳቅኩ። ሳቄ ግን ቶሎ ቆመ፤ ያቺን ልጅ አውቃታለሁና። አሰላ ውስጥ፣ አንድ ሙሉ በጋ፣ እኔው ነበርኩ እሷ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ቤታችን ከከተማው ላይኛው ጫፍ፣ ጭላሎ ተራራ ቁልቁል የሚያየን ቦታ ላይ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከተራራው የሚወርደው ብርድ ጆሮ ይቆነጥጣል። ልጅ ሁሉ ሹራቡን ደርቦ ይወጣል፤ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ ደግሞ እጅጌውን ወገቡ ላይ ይቋጥራል። ያ ጤዛ የነካው የበግ ጠጉር ሽታ፣ ከባሕር ዛፍ ጭስና ከተቆላ ገብስ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ፣ ዛሬም ድንገት አፍንጫዬ ሥር ይመጣል። እናንተም የዚያ አገር ልጆች ከሆናችሁ ታውቁታላችሁ።

ወንድሜ ታደለ ትምህርት ቤት ይሄዳል። እኔ ውሃ እቀዳለሁ፣ ከእናቴ ጋር ገብስ እፈትጋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ኋላ በመሠረተ ትምህርት፣ ከእናቴ ጎን አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ለዚህ ይሆናል ስጽፍ እጄ ገበያ እንደምትሄድ ሴት በየመንገዱ እየቆመ ሰላምታ የሚያበዛው። ታገሡኝ፤ መድረሱን እደርሳለሁ።

ቀበሌያችን የኪነት ቡድን ነበረው። አንድ እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ትርኢት አሳዩን። አንዲት ሴት ነጭ ለብሳ ምሰሶ ላይ በሰንሰለት ታስራለች። አገር ናት ተባለ። ወንዶቹ እየዘመሩ መጡ፣ ተዋጉ፣ ወደቁ፣ ተነሡ፣ በመጨረሻ ፈቷት። እጃችን እስኪቀላ አጨበጨብን። ሴትየዋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማልቀስ እንጂ አንዲት ቃል አልተናገረችም። እዚያው አዳራሽ ውስጥ ስለ ሴቶች እኩልነት በየጊዜው ይነገረን ነበር፤ የሚናገሩትም ወንዶች ነበሩ። ያኔ ይሄ ነገር ለማንም አልታየም፤ ለእኔም ጭምር።

በነጋታው ወንዶቹ ልጆች ትርኢቱን ጨዋታ አደረጉት። ገብሱ ታጭዶ ባዶውን የቀረ ማሳ ነበር፤ መሐሉ ላይ ወንበር የሚያህል ጥቁር ድንጋይ አለ። አንዲት ልጅ ድንጋዩ ላይ ትታሰራለች። የእኛ የላይ ሰፈር ልጆች ከአንድ ጎን፣ የታች ሰፈሮቹ ከሌላው ጎን ይመጣሉ። ልጅቷን ነጥቆ ወደ ራሱ መስመር ያደረሰ አሸነፈ። ሁለቱም ነፃ አውጪ ነን ይላሉ፤ ጠላት መሆን የሚፈልግ አልተገኘም። የምትታሰረው እኔ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ስለማልሄድ ሁልጊዜ እገኛለሁ፤ ደግሞም አልጮህም። ሌሎቹ ሴቶች ልጆች ዳር ቆመው ያጨበጭባሉ።

ዋሽቼ ምን አገኛለሁ፣ መጀመሪያ ኮርቼ ነበር። ያ ሁሉ ልጅ ለእኔ ሲጋደል! ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲሆን ግን ድንጋዩ ይቀዘቅዝ ጀመር። እግሬ ይደነዝዛል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የማውቀው ነገር ነበር፤ ከታደለ እፈጥናለሁ። ውሃ ወርደን ስንመለስ እንስራ አዝዬም ቢሆን እቀድመዋለሁ፤ እሱም ያውቀዋል። አንድ ቀን ደፈር ብዬ «ዛሬ እኔም ልሩጥ» አልኩ።

«አንቺ ከሮጥሽ ማንን ልናድን ነው?» አለኝ ታደለ።

ሜዳው በሳቅ ተሞላ። እኔም አብሬ ሳቅኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ግን ቀን ውሃ ስቀዳም፣ ገብስ ስፈትግም የማስበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ መሮጥ።

ከማሳው ጥግ አዴ ዲንቄ የሚባሉ የአርሲ ሴት ይኖሩ ነበር። ከእናቴ ጋር እሳት የሚጫጫሩ፣ ወተቱን ከቅቤው የማይለዩ ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንዷ በአማርኛ ትጀምራለች፣ ሌላዋ በኦሮምኛ ትጨርሳለች። አዴ ዲንቄ ቤት፣ ከበሩ ኋላ፣ አንዲት ቀጭን ለስላሳ በትር ትቆም ነበር። ሲንቄ ናት። የአርሲ ሴት ስታገባ እናቷ ትሰጣታለች፤ ዕድሜ ልኳን ከእጇ አትለይም። ከብት አይነዳባትም፣ ሰው አይመታባትም። ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው በወጡበት መንገድ ግን ወንድ አቋርጦ አያልፍም።

በዓይኔ አይቻለሁ። በዚያው ዓመት አንድ ግዙፍ ሰውዬ አራስ ሚስቱን መታ። አዴ ዲንቄና የሰፈሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው እየዘፈኑ ወጡ፤ ሄደው የሰውዬው ደጅ ላይ ተቀመጡ። አልሰደቡትም፣ አልነኩትም። ያ በሬ የሚያህል ሰው አንገቱን ሰብሮ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። እኔ ይህን ሁሉ በአጥር ቀዳዳ አይ ነበር።

ታዲያ የበጋው ትልቁ ግጥሚያ ቀን ደረሰ። ያሸነፈው ሰፈር ሜዳውን እስከ በልግ ሊወስድ ነው። ታደለ እንደለመደው በገመድ አሰረኝ። ሁለቱም ወገን እኩል ደረሱ። የታች ሰፈሩ አለቃ ገመቹ ቀኝ እጄን ያዘ፤ ታደለ ግራዬን። ይጎትታሉ። «ልቀቁኝ!» ብል የሚሰማ የለም፤ እንዲያውም አንዱ «ዝም በሏት፣ እስረኛ እኮ ናት!» ይላል። የቀሚሴ እጅጌ ከትከሻው ተቦጨቀ። ክንዴ የተነቀለ መሰለኝ። ለራሴ ገርሞኝ ወንድሜን እጁ ላይ ነከስኩትና ገመዱን በጥሼ ሮጥኩ። «አመለጠች!» እያሉ ሲስቁ ይሰማኛል። አዴ ዲንቄ ቤት ገባሁ። ማንም የለም። ከበሩ ኋላ ሲንቄዋን አነሣሁ።

ስመለስ ሁለቱ ወገን «ተሸንፋችኋል»፣ «አልተሸነፍንም» ተባብሎ ሊደባደብ ነው። መሐላቸው ገብቼ በትሯን ደረቴ ላይ ይዤ ቆምኩ። አንዲት ቃል አልወጣኝም።

መጀመሪያ ያየው ገመቹ ነው። ያነሣውን እጅ አወረደ። «ሲንቄ ናት! ወደኋላ! አንድም ሰው እንዳያልፍ!»

«ዱላ ነው» አለ ታደለ የተነከሰ እጁን እያሸ። «ሲንቄ የሚይዘው ያገባ ነው። ባልሽ ማነው ታዲያ? አሳዪና!»

የእኛ ሰፈር ልጆች አውካኩ። ገመቹ አልሳቀም። «እንግዲያስ አንተ እለፋ! እለፍና እንይህ! እኔን እናቴ ከሰማች ቤት አታስገባኝም።»

ታደለ አንድ እርምጃ መጣ። አየኝ፤ አየሁት። ሁለተኛውን እርምጃ አልተራመደም። ያኔ ድምፄ ወጣ። «ከእንግዲህ ድንጋዩ ላይ አልቀመጥም» አልኩ። «እሮጣለሁ።»

ይሄን ብዬ ቀና ስል አዴ ዲንቄ አጥራቸው ጋ ቆመዋል።

ድንጋዩን ረሳሁት፣ ሩጫውንም ረሳሁት። የሰው ቤት ገብቼ፣ የሰው እናት ስጦታ፣ የማይነካ ነገር አውጥቻለሁ። በእኔ ጦስ እናቴና እሳቸው ሊቀያየሙ ነው አልኩ። በትሯን በሁለት እጄ ይዤ ሄድኩ።

«ማን ሰጠሽ?»

«ማንም። ወሰድኳት። አዴ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ተቀበሉኝና በነጠላቸው ጫፍ ከላይ እስከ ታች ጠረጓት። «እናቴ ናት የሰጠችኝ፤ ያገባሁ ቀን። አንቺ ገና ነሽ። ያንቺ አይደለችም።»

«እሺ።»

«ሰው መታሽባት?»

«አልመታሁም። ቆምኩ ብቻ።»

«ቆምሽ ብቻ?» የተቀደደ እጅጌዬን፣ ገመድ የላጠውን አንጓዬን አዩ። ከዚያ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» ብለው ራሴን ዳሰሱ። «እነሱ ሲንቄዋን ፈሩ። አንቺን አልፈሩም። ነገ ባዶ እጅሽን ሂጂና ያልሺውን ድገሚላቸው። ከሰሙሽ ያኔ ያንቺ ይሆናል። ለእናትሽ እኔ አልናገርም፤ ራስሽ ንገሪያት።»

ነገርኳት። እናቴ የሰው ዕቃ በመንካቴ ጆሮዬን ይዛ ጠመዘዘችው፤ ከዚያ እጅጌዬን ልትሰፋ ተቀመጠች። መርፌውን እየሰካች፣ ቀና ሳትል፣ «ለመሆኑ ታደለ ቀጥ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከንፈሯ ዳር ላይ የነበረውን ነገር እስካሁን አልረሳውም።

በነጋታው ባዶ እጄን ወጣሁ። ያን ቀን የፈራሁትን ያህል ከዚያ በኋላ ፈርቼ አላውቅም፤ ኋላ አድጌ ገብስና ባቄላ ይዤ ዴራ፣ አቦምሳ፣ ጮሌ ገበያ ለገበያ ስዞር ሽፍታ አለ ሲሉኝ እንኳ። ድንጋዩ አጠገብ ቆምኩ። «እሮጣለሁ» አልኩ።

«ድንጋዩ ላይ ማን ይቀመጥ ታዲያ?» አለ ታደለ። አሁን ግን አልሳቀም፤ ከልቡ ቸግሮት ነው የጠየቀው።

ፀሐይዋ ሞቃለች። ወገቤ ላይ የተቋጠረውን ሹራቤን ፈታሁ፤ አጠፍኩና ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩት። «ይኸው። ይሄን አድኑ።»

ገመቹ ድንጋዩን ዞር ዞር ብሎ አየው። «ይሻላል» አለ። «እሷ ትከብዳለች፤ ደግሞ ትናከሳለች።»

ተጫወትን። ሮጥኩ። ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ከገመቹ ክንድ ሥር ሾልኬ፣ ሹራቡን መንጭቄ የእኛ መስመር ስደርስ ከኋላዬ ማን እንደቀረ ዞሬም አላየሁ። ዳር ቆመው ሲያጨበጭቡ ከነበሩት ሴቶች አንዷ «እኔም!» ብላ ገባች፤ ከዚያ ሌላዋ። በጋው ሳያልቅ ዳር ላይ የሚያጨበጭብ ጠፋ።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ወንዶቹ ለሹራቡም ልክ ለእኔ እንደተጋደሉት ተጋደሉ። ያው ጩኸት፣ ያው መላላጥ፣ ያው «ነፃ አወጣናት!» ማለት። ሹራቤ አንድ እጅጌውን እስኪያጣ ድረስ። ለካ ያን ሁሉ ቀን ቁጭ ብዬ የሠራሁትን ሥራ ሹራብ ይሠራዋል! ለእኔ የሚጋደሉ መስሎኝ ኮርቼ ነበር። እነሱ የሚጋደሉት እርስ በርሳቸው ነበር፤ መሐል ላይ የሚቀመጥ ነገር ብቻ ነበር የቸገራቸው።

ይሄን ለሶስና ነገርኳት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ስልኳን አንሥታ ግንቡ ላይ ያለችውን ልጅ ትክ ብላ አየቻት።

«እና አያቴ፣ ይቺም ሹራብ ናት?»

«አንቺው ንገሪኝ። እሷን አንሥተሽ ሹራብ ብትሰቅዪበት ጨዋታው ይለወጣል?»

አሰበች። «ምንም አይለወጥም» አለች ቀስ ብላ።

የእኛ ጊዜ ብዙ የጎደለው ጊዜ ነበር፤ ስላለፈ ብዬ አላሳምረውም። ግን የእኛ ድንጋይ ከደጃችን ነበር፤ እግርም ነበረን፤ አንድ ቀን ብድግ አልኩና አለቀ። የዛሬዋ የግንብ ልጅ የስልክ መስታወት ውስጥ ናት፤ የሠራት ሰው እግር ካልሰጣት ብድግ አትልም። ቢሆንም አልሰጋም። የሚሠራት ሰው ነውና፣ ሰው ደግሞ ሌላ ሊሠራ ይችላል። ያ ማሳ ዛሬ ቤት በቤት ሆኗል፤ ጥቁሩ ድንጋይ የአንዱ ግቢ አጥር ውስጥ ገብቶ አያለሁ፤ ሳልፍ በመዳፌ መታ አደርገዋለሁ። ቀዝቃዛ ነው፣ እንደ ጥንቱ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሶስና ደብተር ይዛ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች። የራሷን ጌም እየሣለች ነው፤ መሥራቱን ስታድግ ትማረዋለች። ማሳ አለ፣ ተራራ አለ፣ ድንጋይ አለ። ሁለት ወገን ልጆች አሉ፤ ከመሐላቸው አንዷ ረጅም ቀሚስ ለብሳ ትሮጣለች። ትናንት እርሳሷን አፏ ውስጥ አድርጋ ቆየችና ጠየቀችኝ።

«አያቴ፣ ስትሮጪ ቀሚስሽን ምን ታደርጊው ነበር?»

«ጫፉን አንሥቼ ወገቤ ላይ እሸጉጠዋለሁ። ያለዚያ ይጥልሻል።»

«አሃ» አለች። ላጲሷን አነሣች፤ ረጅሙን ቀሚስ አጠፋችና ጉልበቱን እያሳየች እንደገና ሣለችው።