ሰማንያ የሚለው ቆጣሪ

ባሌ ሰው የገጨ ሰሞን ቤታችን ውስጥ የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ሰማንያ ላይ ነበርኩ፤ ዓይኔ ፍጥነት ቆጣሪው ላይ ነበር» ይላል። ለእኔ ይላል፣ ሊያጽናናው ለሚመጣው ሁሉ ይላል። ሰዎቹም ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ እንኳን ነፍስ አልጠፋ ብለውት ይሄዳሉ።

እሱ ካይሮ ተወልዶ ያደገ የሐበሻ ልጅ ነው። ያኔ የሌላ ሰው ሚኒባስ እየነዳ የፋብሪካ ሠራተኞችን ከሀረም ሰፈር ወደ ሥራቸው ያመላልስ ነበር። አንድ ጠዋት በቀለበት መንገዱ ላይ ሲሄድ አንድ ሽማግሌ ሊሻገሩ ገቡበት። ፍሬን ያዘ፤ መኪናው ሊቆም ጥቂት ሲቀረው መታቸው። ዳሌያቸው ተሰበረ። ክስ አልፈልግም በማለታቸው ፖሊስ ለቀቀው። እሱ ግን እህል አልወርድለት አለ፤ እንቅልፍም አጣ።

አንድ አርብ ጠዋት፣ «አንቺ ይህን ተምረሻል። ሰማንያ ላይ እንደነበርኩ በሒሳብ አሳዪኝ» አለኝ።

እውነት ነው፣ አዲስ አበባ ሳለሁ አውቶ መካኒክ ተምሬያለሁ። ሞሃንዲሲን በሚባለው ሰፈር በሞግዚትነት የሰው ልጆች ስጠብቅ የረሳሁት መስሎኝ ነበር፤ ግን አልጠፋኝም። ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረውን መጀመሪያ ለማርሹ ሬሾ ወይም ምጣኔ፣ ቀጥሎ ዙሩን ለጎማዎቹ ለሚያስተላልፈው ለዲፈረንሻሉ ሬሾ ሲያካፍሉት ጎማው በደቂቃ ስንቴ እንደሚዞር ይገኛል። ያንን በጎማው ዙሪያ ርዝመት ማባዛት ነው። የሞተሩ ዙር ሦስት ሺህ ላይ እንደነበር ባሌ አልተጠራጠረም፤ በአራተኛ ማርሽ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው የሚይዘው። አራተኛው ማርሽ አንድ ለአንድ፣ ዲፈረንሻሉ አራት ለአንድ ነው። የቀረን ጎማው ነበር።

አርብ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ሰፈራችን አርድ ኤል ሊዋ ቱክቱኩ፣ ማለት ባጃጁ፣ ጋብ ይላል፤ ወርደን በራችን ላይ የቆመውን ሚኒባስ ጎማ ለካን። ጎማውን በጠመኔ ምልክት አደረግሁበት፤ እሱ መኪናውን ገፋ፤ ጎማው አንድ ዙር የሄደውን በልብስ ሰፊ ሜትር ለካሁት። ሁለት ሜትር ሆነ። በመኪናው በር ላይ በተለጠፈው የፋብሪካው ልክ ቢሆን ግን አንድ ሜትር ከሰማንያ ነበር። ባለመኪናው መንገዱ ጉድጓድ ስለበዛበት ትልልቅ ጎማ አስገብቶ ኖሯል።

ሦስት ሺህ ለአራት ሲካፈል ሰባት መቶ ሃምሳ። በሁለት ሜትር ሲባዛ በደቂቃ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር። በሰዓት ዘጠና ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ተሳስቼ በሆነ ብዬ ደገምኩት። ያው ነው። በድሮው ጎማ ሳሰላው ሰማንያ አንድ መጣ።

«ስንት ሆነ?» አለኝ።

«ዘጠና።»

«ቆጣሪው እኮ ሰማንያ ይላል።»

«ቆጣሪው የሚያውቀው የድሮውን ጎማ ነው።»

ደረጃው ላይ ተቀመጠ። በሰማንያ ቢሆን ኖሮ ይቆም እንደነበር ጠየቀኝ። በዘጠና የሚሄድ መኪና ለመቆም ሩብ ያህል ተጨማሪ መንገድ እንደሚፈልግ አውቃለሁ። «ሊቆም ይችል ነበር» አልኩት።

በማግስቱ ሽማግሌው ቤት ሄድን። ባሌ ሁሉንም በዓረብኛ ነገራቸው። ልጃቸው ተነሥታ ከክፍሉ ወጣች። እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው ሰሙትና፣ «እኔም ከሩቅ አይቼህ ነበር፤ እሻገራለሁ ብዬ ገመትኩ። ቶሎ ደረስክብኝ» አሉት። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

ባለመኪናው ደግሞ ይህን ሲነግረው ኸላስ፣ አበቃ፣ የተዘጋ ነገር አትክፈት አለው። ባሌም ጎማው ካልተቀየረ አልነዳም ብሎ ቁልፉን መለሰለት። ለብዙ ጊዜ ሥራ ፈትቶ ከረመ፤ አሁን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ያወጣል፣ ያወርዳል። ሚኒባሱን ሌላ ሰው ይነዳዋል። ባሌ ሄዶ ሁሉንም አስረድቶታል፤ አዲሱ ሾፌርም አመስግኖ ተሳፋሪውን ጫነ።

ሀረም መንገድ ላይ ሚኒባሱን አንዳንዴ አየዋለሁ። ጎማው ያው ነው። ቤት ገብቼ ለባሌ አልነግረውም።